የክረምት ሹራብ ለቤተሰብ፦ ከክሩ ምርጫ እስከ ማድረቂያው ሰፌድ

ሐምሌና ነሐሴ ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው የእጅ ሥራ ወራት ናቸው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ልጆቹን ቤት ይሰበስባል፣ ብርዱም እንደ መሀል ከተማው አይደለም። ሱሉልታን ብናይ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ልጅ ወደ ሱቅ የሚላከው ሹራብ ለብሶ ነው። አሁን የተጀመረ ሥራ ለመስከረም ይደርሳል። የምንሠራው ለስድስት ዓመት ልጅ እጅጌ የሌለው ሹራብ፣ ከሚተርፈው ክር ኮፍያ፣ ለጀበናው ማቶት፣ ከዚያም ልጆቹ ራሳቸው የሚይዟቸው ትንንሽ ነገሮች ነው።

ሹራብ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጠበበ ወይም ሰፋ ተብሎ ሲታዘን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ነው። ክሩ ሲመረጥና ናሙናው ሲዘለል ያኔውኑ ተበላሽቷል። ስለዚህ ብዙውን እዚያ ላይ እናወራለን።

ክሩ

ሱፍ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም፤ ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ ነው። ለልጅ መጥፎ አይደለም። አያሳክክም፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ብልም አይበላውም። ጠላቱ እሳት ነው፤ ይቀልጣል። እውነተኛ ሱፍ ትንሽ ረጥቦ እንኳ ያሞቃል፤ ግን በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ከታሸ ይኮማተርና ይደድራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። የመንዝ በግ ጠጉር ለባናና ለዝተት የሚሆን ጠንካራ ነገር ነው፤ ሸካራ ስለሆነ የልጅ አንገት ላይ አይቻልም። ጥጥ ደግሞ ይከብዳል፣ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም። ለክረምት ሹራብ አንመክረውም፤ ለማቶትና ለድስት መያዣ ግን ምትክ የለውም።

ክሩ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ የጣት ርዝመት ያህል ቁረጡና በብረት መቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከታች ውኃ ያለበት ሰሃን አድርጋችሁ ለኩሱት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ የሚተወው ልም አመድ ነው። አክሪሊክ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ጠብታው ስለሚያቃጥል ይህን ልጆች አይሞክሩት።

አዲስ ክር ስትገዙ ለሥራው የሚበቃውን ሁሉ አንድ ቀን ግዙ፤ በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ያለው የቀለም ቁጥርና የምርት ቁጥርም በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን እዩ። በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ሱቅ ውስጥ ፍጹም አንድ ይመስላል፤ ደረት ላይ ግን ቀን ብርሃን ሲያገኘው መስመር ሆኖ ይታያል። ሹራቡ ለዩኒፎርም ከሆነ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለውን ቀለም ከዩኒፎርሙ ጨርቅ ቁራጭ ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ይሻላል፤ በአእምሮ የተያዘ ሰማያዊ አይታመንም። ለስድስት ዓመት ልጅ እጅጌ ለሌለው ሹራብ 200 ግራም፣ ለኮፍያው 60 ግራም ያህል ያዙ፤ 300 ግራም ከገዛችሁ ለጥገናም ይተርፋል።

ሌላው መንገድ የልባሽ ሹራብ ገዝቶ መተርተር ነው፤ በእኛ እምነት ጥሩ ሱፍ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው እንዲህ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ወፍራም ሹራብ የልጅ ሹራብና ኮፍያ ያወጣል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡና የጎኑን ስፌት ተመልከቱ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ ከተዘመዘመ ተዉት፤ እያንዳንዱ ረድፍ የተቆረጠ ስለሆነ ስትተረትሩት የሚወጣው ክንድ የማታክል ቁርጥራጭ ነው። ጠርዙ ሳይቆረጥ፣ ሁለቱ ወገን ዳርና ዳሩ ተገጥሞ በአንድ ክር የተያያዘ ከሆነ ክሩ ሳይበጠስ ይወጣል። ታጥቦ የደደረ ሱፍንም አትግዙ፤ ክሮቹ እርስ በርስ ተነካክሰዋልና አይላቀቁም።

ቤት ስትደርሱ አንገቱንና እጅጌውን ለዩ፣ የጎኑን ስፌት ፍቱ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ከላይ ጀምራችሁ ተርትሩ። ሹራብ በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ የሚተረተረው መጨረሻ ከተዘጋበት ነው፤ ከታች ከጀመራችሁ በየቀለበቱ ይቋጠራል። የሚወጣውን ክር በወንበር መደገፊያ ላይ እየጠመጠማችሁ ቱባ አድርጉት፤ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ለብ ባለ ውኃ በትንሽ ሳሙና ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ሳትጨምቁ አውጡና ስቀሉት፣ ከታቹም እሩቡ ድረስ ውኃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንጠልጥሉበት። ተጠቅልሎ የነበረው ክር በዚህ ይቃናል። ሃይላንዱን ሙሉ ካደረጋችሁት ሱፉ ከልክ በላይ ይለጠጥና ሹራብ ከሆነ በኋላ መጀመሪያ የታጠበ ቀን ይሰበሰባል። አክሪሊክ በዚህ መንገድ ሙሉ በሙሉ አይቃናም፤ ጥቂት ሞገድ ቢቀርበት ችግር የለውም፣ ካውያ ግን አታስነኩት። ደርቆ ሲያልቅ ላላ አድርጋችሁ በልቃቂት አጠንጥኑ።

ናሙናው

ክሩ ከኋላ ሆኖ የሚሠራውን ስፌት ቀጥታ፣ ከፊት ሆኖ የሚሠራውን ግልብጥ እንበለው፤ መርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዙር ደግሞ ቀለበት። በ4.5 ሚሊሜትር መርፌ 30 ቀለበት ጀምሩና አንድ ረድፍ ቀጥታ፣ አንድ ረድፍ ግልብጥ እያላችሁ 15 ሴንቲሜትር ያህል ሥሩ። መርፌው ላይ ያለው ቁጥር ጠፍቶ ከሆነ ወረቀት ውጉበትና ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩት።

ከዚያ ናሙናውን እጠቡት፣ አጋድማችሁ አድርቁት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ያልታጠበ ናሙና፣ ይልቁንም ከተተረተረ ክር የተሠራ ከሆነ፣ የሚሰጠው ቁጥር ሐሰት ነው፤ የክሩ ሞገድ ቀለበቱን ሰብስቦ ይይዘዋል፣ ከታጠበ በኋላ ይለቀዋል። ሲደርቅ ዳርና ዳሩን ትታችሁ መሀል ላይ 10 ሴንቲሜትር ለኩና ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ዳሩ ስለሚጠቀለል ልክ አይሰጥም።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የተሰላው በ10 ሴንቲሜትር 20 ቀለበትና 26 ረድፍ ነው። እናንተ 22 ካገኛችሁ እጃችሁ ይጠብቃል ማለት ነው፤ በግማሽ ሚሊሜትር የሚወፍር መርፌ ያዙና እንደገና ሥሩ። 18 ከሆነ ወደ ቀጭኑ ውረዱ። ሁለት ቀለበት ምን ያመጣል እንዳትሉ። 68 ቀለበት በ20 ሲሰላ 34 ሴንቲሜትር ነው፤ በ22 ግን 31 ሴንቲሜትር ላይ ይቀራል። ፊትና ጀርባው ሲደመር 6 ሴንቲሜትር ጠፋ። ልጁ ከውስጥ ሸሚዝ የሚለብስበት ቦታ እሱ ነበር።

ሹራቡ

የስድስት ዓመት ልጅ ደረት 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ የራሳችሁን ልጅ ግን በብብቱ ሥር አዙራችሁ ለኩ። ለመንቀሳቀሻ 8 ሴንቲሜትር ጨምሩ፣ ለሁለት ክፈሉ፣ በ2 አባዙ (በአንድ ሴንቲሜትር 2 ቀለበት ነውና)፣ ለስፌት 2 ቀለበት አክሉ። 68 ለሁለት 34፣ ሲባዛ 68፣ ከስፌቱ ጋር 70 ቀለበት። ለሌላ ዕድሜም ስሌቱ ይኸው ነው።

ጀርባው። በ4 ሚሊሜትር መርፌ 70 ቀለበት ጀምሩ፣ አንድ ቀጥታ አንድ ግልብጥ እያላችሁ 4 ሴንቲሜትር የላስቲክ ስፌት ሥሩ። ወደ 4.5 ቀይሩና አንድ ረድፍ ቀጥታ፣ አንድ ረድፍ ግልብጥ እያደረጋችሁ ከጅምሩ ተለክቶ 24 ሴንቲሜትር እስኪሞላ ቀጥሉ። ለብብት፦ በሁለት ተከታታይ ረድፎች መጀመሪያ ላይ ስድስት ስድስት ቀለበት ዝጉ (አንዱን ቀለበት በሌላው ላይ እያሳለፋችሁ ከመርፌው አውጡ)፤ 58 ይቀራል። ከዚያ በየሁለተኛው ረድፍ ከሁለቱም ዳር ሁለት ቀለበት በአንድ ላይ እየሠራችሁ አንድ አንድ ቀንሱ፣ አምስት ጊዜ፤ 48 ይቀራል። መዝጋት ከጀመራችሁበት 42 ረድፍ እስኪሞላ ሳትቀንሱ ሥሩና ጨርሱ፦ 11 ለትከሻ፣ 26 ለአንገት፣ 11 ለሌላው ትከሻ። የአንገቱን 26 አትዝጉት፤ በሌላ ክር ሰክታችሁ አቆዩት። የተዘጋ ጠርዝ አይለጠጥም፣ የልጅ ጭንቅላት ደግሞ ትልቅ ነው።

ፊቱ። ብብቱ እስኪያልቅ ከጀርባው ምንም አይለይም። 48ቱ ሲቀሩ አንገቱ የቪ (V) ቅርጽ እንዲይዝ ለሁለት ክፈሉት፣ 24 በ24። አንዱን ወገን ክር ላይ አሳርፉና ሌላውን ቀጥሉ፤ በአንገቱ በኩል በየሁለተኛው ረድፍ አንድ ቀለበት ቀንሱ፣ አሥራ ሦስት ጊዜ። 11 ሲቀር አራት ረድፍ ሳትቀንሱ ጨምሩና ዝጉ። ሌላውን ወገን በተቃራኒው አቅጣጫ። የቪው ጥልቀት 11 ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቅነሳውን ከጠርዙ ሁለት ቀለበት ገባ ብላችሁ ካደረጋችሁት ጠርዙ ንጹሕ ይሆናል፣ በኋላም ከጠርዙ አዲስ ቀለበት በመርፌ ለማንሳት ይቀላል።

አሁን አንዱን ትከሻ ብቻ ስፉ። በ4 ሚሊሜትር መርፌ የአንገቱን ዙሪያ አንሱ፦ ከጀርባው የቆዩትን 26፣ ከእያንዳንዱ የቪ ጎን 23። ከአራት ረድፍ ሦስት ቀለበት ማንሳት ነው ሕጉ፤ ቀለበት ወደ ጎን የሚይዘው ቦታ ረድፍ ወደ ላይ ከሚይዘው ስለሚበልጥ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ብታነሱ አንገቱ እንደ ቅጠል ይሞገዳል፣ ለሁለት አንድ ብታነሱ ይሸበሸባል። አምስት ረድፍ የላስቲክ ስፌት ሥሩ፤ በቪው ጫፍ ላይ ያሉትን ሦስት ቀለበቶች በየሁለተኛው ረድፍ በአንድ ላይ ሥሯቸው። ስትዘጉ 5 ሚሊሜትር መርፌ ተጠቀሙና ላላ አድርጉ። አንገቱ በጭንቅላት አላልፍ ካለ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ምክንያቱ ይህች የመጨረሻ ረድፍ ናት፤ እሷን ብቻ ፈትቶ እንደገና መዝጋት ይበቃል።

ሁለተኛውን ትከሻ ስፉ፣ የብብቱን ዙሪያ በተመሳሳይ መንገድ አንስታችሁ አምስት ረድፍ ላስቲክ ሥሩ፣ ጎኑን በመጨረሻ ስፉ። ጎኑ ቀድሞ ከተሰፋ ብብቱን በቀጥታ መርፌ መሥራት መከራ ነው።

ሲሠሩ የሚገጥሙ ነገሮች። ረድፍ መሀል ላይ አታቁሙ፤ መርፌው ላይ የሰነበቱት ሁለት ቀለበቶች ይለጠጡና እዚያው ቀዳዳ መስለው ይቀራሉ። አዲስ ልቃቂት የሚጀመረው በረድፍ ዳር ነው፤ መሀል ላይ የተቋጠረ ክር በታጠበ ቁጥር ወደ ፊት ይወጣል። ቀለበት ካመለጠ አትደንግጡ፣ ወደ ታች እየተፈታ ቢሄድም በኪሮሽ ከሥሩ እየጎተታችሁ መሰላል በመሰላል መመለስ ይቻላል፤ ከማምለጡ ይልቅ የሚከፋው ሳይታወቅ ቀርቶ ከ20 ረድፍ በኋላ መታየቱ ነው። ስለዚህ በየአሥር ረድፉ ቁጠሩ። የግልብጡ ረድፍ ከቀጥታው የላላ ሆኖ ከጀርባ ሰርጥ ሰርጥ ካለ፣ ለግልብጡ ብቻ በግማሽ ሚሊሜትር የሚቀጥን መርፌ መያዝ ያስተካክለዋል።

ኮፍያውና የልጆቹ ሥራ

ለ52 ሴንቲሜትር ጭንቅላት 98 ቀለበት በ4 ሚሊሜትር ጀምሩ፤ ኮፍያ ከጭንቅላት ትንሽ መጥበብ አለበት፣ አለዚያ ዓይን ላይ ይወርዳል። 4 ሴንቲሜትር ላስቲክ፣ ከዚያ በ4.5 እስከ 13 ሴንቲሜትር። ቅነሳው በቀጥታው ረድፍ ላይ ነው፦ የዳሩን አንድ ቀለበት ሥሩ፣ 10 ቀጥታ፣ ሁለቱን በአንድ፣ ይህን ስምንት ጊዜ፣ የመጨረሻውን አንድ። ግልብጡን ሳትቀንሱ ተመለሱ። በሚቀጥለው 9 ቀጥታና ሁለቱን በአንድ፣ እንዲያ እያለ 10 ቀለበት እስኪቀር። ክሩን በቀሩት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፋችሁ ሳቡ፣ ጎኑን ስፉ።

አምስት ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ክር ማጠንጠን ይችላል፣ በጣቱም ሰንሰለት ይሠራል። ስምንት ዓመት ለሞላው ወፍራም ክርና 6 ሚሊሜትር መርፌ ስጡት፣ 20 ቀለበት ጀምሩለትና ቀጥታውን ብቻ ያስኬድ። ግልብጥ ቀስ ብሎ ይመጣል። ለኮፍያው አናት ፖምፖም የሚሠራው ከካርቶን ነው፦ 6 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች፣ መሀላቸው 2 ሴንቲሜትር ቀዳዳ። ሁለቱን ደርባችሁ ቀዳዳው ሊደፈን እስኪቀርብ ክር ጠምጥሙ፣ በውጭው ጠርዝ ዙሪያውን ቁረጡ፣ በካርቶኖቹ መሀል ጠንካራ ክር አሳልፋችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ላላ ከታሰረ በሳምንቱ ይመላለጣል። ለጨቅላ ሕፃን ግን ፖምፖምም፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድም አታድርጉ፤ ክሩ አፍ ይገባል፣ ገመዱ አንገት ያንቃል።

ማቶቱ

ይህ ለቡና ለሚያፈሉት ለእማማ የሚሰጥ ነው፣ አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ከጥጥ በቀር ምንም አይግባበት። ጀበናው ከከሰል ላይ ተነሥቶ በቀጥታ ይቀመጥበታል፤ አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ የጀበናው ሥር ላይ ይጣበቃል። ያረጀ የጥጥ አንሶላ 3 ሴንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ ቀዳችሁ በሦስት ጎንጉኑ፣ አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት ይኑረው። የጀበናውን ሥር ስፋት ለኩና የማቶቱን የውስጥ ስፋት ከዚያ ሁለት ሦስተኛ አድርጉት። ጀበናው 12 ሴንቲሜትር ከሆነ ውስጡ 8 ይሁን። ሰፊ ከሆነ ጀበናው ሰምጦ ጠረጴዛውን ይነካል፤ ጠባብ ከሆነ አንገቱ ረጅም ነውና ይወላወላል። ጫፎቹን ደራርባችሁ ስፉ፣ ከዚያ ዙሪያውን በፈትል በኪሮሽ አልብሱት፣ ቀለበቶቹን አጠጋግታችሁ። ከማስረከባችሁ በፊት ጀበናውን ውኃ ሞልታችሁ አስቀምጡበት፤ ካዘነበለ ጉንጉኑ አንድ ቦታ ወፍሯል፣ እዚያ ላይ በእንጨት ቀጥቅጡት። እማማንም ሲጠቀሙ ሥሩ ላይ የተጣበቀ ፍም ካለ አራግፈው እንዲያስቀምጡ ንገሯቸው፤ ጥጥ አይቀልጥም እንጂ ይጤሳል።

ማጠብና ማድረቅ

በክረምት ሹራብ የሚበላሸው ገመድ ላይ ነው። የረጠበ ሹራብ ከባድ ስለሆነ ተሰቅሎ ሲያድር ወደ ታች ይረዝማል፣ ትከሻው ላይም የመስቀያው ምልክት ይቀራል። ለብ ባለ ውኃ በትንሽ ሳሙና እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ ተጫኑት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ፎጣውን ርገጡት። ከዚያ ሰፌድ ገልብጣችሁ ነጭ ጨርቅ አንጥፉበትና ሹራቡን በልኩ ዘርጉት፤ 34 በ40 ሴንቲሜትር መሆኑን በማስመሪያ እያያችሁ። ሰፌዱ ከሥር አየር ያሳልፋል። ጨርቁን ያነጠፍነው የሰፌዱ ቀለም ሲረጥብ ስለሚለቅ ነው። ዝናቡ ፋታ ባልሰጠበት ሳምንት ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ በመሀሉ አንድ ጊዜ ገልብጡት። ለማፍጠን ብሎ በከሰል ምድጃ ላይ መዘርጋት አክሪሊኩን ያቀልጣል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰልም ሰው ይገድላል።

ሱፍ የሆነውን በበጋ ስታስቀምጡ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ነው። ከዚያው ክር አንድ ትንሽ ልቃቂት ከሹራቡ ጋር አብራችሁ እጠቡና እጥፋቱ ውስጥ ክተቱት፤ በኋላ ቀዳዳ ስትደፍኑ ክሩ ከሹራቡ እኩል የደበዘዘ ይሆናል።